ልጅዎ ከምረቃ በኋላ «አውሮፓን አይቼ ልምጣ» ስትል

ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ወራት ናቸው። ጥቁሩ ካባ ይለበሳል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ዶሮ ይሠራል፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይመርቃል። የድግሱ ዕቃ ታጥቦ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ደግሞ ተመራቂዋ ልጅ እናቷን ጠጋ ብላ የልቧን ታጫውታለች። ዛሬ ዛሬ በከተማችን ከሚሰሙት የልብ ጨዋታዎች አንዱ፣ «ሥራና ትዳር ሳይዘኝ ሁለት ሦስት የአውሮፓ ከተሞች አይቼ ልምጣ» የሚለው ነው።

ይህን የሰማች እናት ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ ትመልሳለች። ወይ «እኛ ስለ አስቤዛ እንጨነቃለን፣ አንቺ ስለ ፓሪስ ታወሪያለሽ» ብላ ትቆጣለች፤ ወይም «ልጄ ከማን ታንሳለች» ብላ ዕቁቧን ቀድማ ለማውጣት ትሮጣለች። ሁለቱም የችኮላ መልሶች ናቸው። ጥያቄው ወረቀትና እርሳስ ተይዞ ሊመረመር የሚገባው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የሚወጣው ገንዘብ የሠራተኛ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ ከገንዘቡም ጋር በእናትና በልጅ መካከል ያለው መተማመን አብሮ ይመዘናል።

በመሆኑም ከመወሰንዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጅዎን አስከትለው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በእግር እንዲዘዋወሩ እንመክርዎታለን። ወጪ የለውም። ይሁን እንጂ ለአውሮፓው ጉዞ የሚበጅ ትምህርት ይገኝበታል።

መነሻዎን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሰፈር አድርገው ወደ ለገሃር ይሂዱ። ለገሃር የሚለው ስም «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1929 ተሠራ። አውሮፕላን ሳይለመድ በፊት ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ከዚህ ሰፈር በባቡር ተነሥቶ ጅቡቲ ይወርድና በመርከብ ይሳፈር ነበር። በሚያዝያ 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመኳንንቱ ጋር በዚሁ መንገድ ተጉዘው፣ ኢየሩሳሌምንና ካይሮን ካዩ በኋላ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ለንደንን፣ ጄኔቭንና አቴናን ጎብኝተዋል። ጉዞው ከአራት ወር በላይ ፈጅቷል። አብረዋቸው የነበሩት ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የጉዞውን አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ መዝግበው ለአገራቸው ሰው አቅርበዋል።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይተው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ተማሩ። ተመልሰውም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነው ሴቶች ልጆችን አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። እንግዲህ ሴት ልጅ አውሮፓን ማየቷ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

ከለገሃር በስታዲየሙ በኩል መስቀል አደባባይ ደርሰው ወደ ላይ ሲያቀኑ አፍሪካ አዳራሽን ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀውና በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ይህ አዳራሽ፣ ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል። ቅጥሩ የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ መጎብኘት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መጠየቅና መታወቂያውን መያዝ ይኖርበታል። በውስጡ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። ሥዕሉ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ፣ የወቅቱንና የመጪውን ዘመን ያሳያል።

የዚህ መስተዋት ታሪክ ልጅዎ ካነሣችው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ዝንባሌያቸው ታይቶ ወደ ሥነ ጥበብ ተዛወሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተመለሱ በኋላ በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። ከኤግዚቢሽኑ ባገኙትም ገንዘብ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል ከከተማ ከተማ ተዘዋወሩ። የባለ ቀለም መስተዋት አሠራር ተማሩ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች አጠኑ። ይዘው የተመለሱት ዕውቀት ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል።

ከመስተዋቱ ፊት ቆመው ለልጅዎ ሦስት ነገር ያመልክቷት። አንደኛ፣ ሰውየው የሄዱት ሠርተው ባገኙት ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያዩትን አስቀድመው ያውቁት ነበር። ሦስተኛ፣ ተመልሰዋል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ዛሬም የቪዛ መኮንኑ የሚጠይቃቸው ናቸው። እናትም በልቧ የምትጠይቃቸው እነዚሁኑ ነው።

ከአፍሪካ አዳራሽ አለፍ ሲሉ ካዛንቺስ ይገባሉ። የሰፈሩ ስም ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። በዚያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው የጣሊያኖቹ ድርጅት በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ የእኛ ሰው ካዛንቺስ አደረገው። የቀድሞውን ካዛንቺስ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሰፈሩን ቢያይ ይደናገራል። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት አሮጌዎቹ ቤቶች በብዛት ፈርሰው፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈር ዕቁብ የሚቆመው በመተያየት ነው። ዕጣዋ ቀድማ የወጣላት ሴት ዋስ ትጠራለች፤ ዋሱም ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ ነው። ጎረቤቱ በተለያየ አቅጣጫ ከተበተነ ወዲህ ዋስ ማግኘት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ ዋስ የሆነውም ሰው የሚሸከመው ዕዳ ከባድ ነው። በምሳሌ እንመልከተው። ሃያ ሰዎች በወር 5,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ 100,000 ብር ያስገኛል። በሦስተኛው ወር ዕጣውን ወስደው ለጉዞው ቢያውሉት፣ ገና 17 ወር የሚጣል 85,000 ብር ይቀርዎታል። ልጅዎ በተባለው ቀን ካልተመለሰች፣ ወይም ቪዛው ተከልክሎ የተከፈለው ገንዘብ ቢቀር፣ ይህን የሚጥሉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ካልቻሉም ዋስዎ ነው። ስለሆነም ለጉዞ የሚሆነው ገንዘብ ተራው ደርሶ የወጣ ዕቁብ ወይም ልጅዋ ራሷ ከደመወዟ የቆጠበችው ሊሆን ይገባል። ዕዳ ያለበት ገንዘብ ለሽርሽር አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እናቶች በአፋቸው ለማውጣት የሚቸገሩበት ነው። «ትመለሻለሽ ወይ?» ልጅዋ እንዳታኮርፍ፣ ወይም ክፉ ማሰብ እንዳይመስል ብለው ብዙዎች ይዘሉታል። ነገር ግን በኤምባሲው መስኮት ይህ ጥያቄ መቅረቱ አይቀርም። ከአገር ቤት መልስ ሳታገኝ የሄደች ልጅ እዚያ ስትጠየቅ ትንተባተባለች። ስለዚህ ቡና ተፈልቶ፣ አባትም ካሉ ተቀምጠው፣ ጉዳዩ በግልጽ ይነጋገርበት። መቅረት የምታስብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ራሱን የቻለ የስደት ውሳኔ ስለሆነ በሽርሽር ስም የእናት ዕቁብ ሊበላበት አይገባም። መመለስ የምታስብ ከሆነ ደግሞ የሚመልሳትን ነገር በእጅዋ ትያዝ፤ ይኸውም ሥራ ነው።

በዚህ ምክንያት በተመረቁበት ክረምት ለመሄድ ከመጣደፍ አንድ ዓመት መቆየት ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ያገኛል። ይህ ቅዳሜና እሑድ ሲታከልበት ለሁለት ሳምንት ጉዞ ከበቂ በላይ ነው። ልጅዋ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃና የዕረፍት ፈቃድ ይኖራታል፤ የባንክ ደብተሯም በወር በወሩ ሲገባና ሲወጣ የቆየ እውነተኛ ሒሳብ ያሳያል። ለሳምንት ተበድሮ ደብተር ማሳበጥ፣ በደላላ በኩል የሐሰት ማስረጃ ማሠራት ግን የከፋ ጉዳት ያመጣል። የአመልካቹ የጣት አሻራና የቀረበው ማመልከቻ በአውሮፓውያኑ የቪዛ መዝገብ ለአምስት ዓመት ይቀመጣልና።

አሁን ደግሞ ወደ ደንቡ እንምጣ። ሸንገን የሚባለው የጋራ ቪዛ 29 አገሮችን ያጠቃልላል። የቪዛው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ማመልከቻ ተቀባይ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት የአገልግሎት ዋጋ በዚህ ላይ ይታከላል። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ማመልከቻ የሚቀርበው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው የመደበኛውን የውሳኔ መስጫ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል፤ ተደጋጋሚ መግቢያ ቪዛም እንዳይሰጥ አድርጓል። ብዙ ከተማ ለማየት ላሰበች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጠላ መግቢያ የያዘች መንገደኛ ከሸንገን አገሮች አንድ ጊዜ ከወጣች መመለስ አትችልም። እንግሊዝ አገር የሸንገን አባል ስላልሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ስለሆነም «ከፓሪስ ለንደን ደርሼ ልመለስ» የሚለው ሐሳብ ከውጥኑ መውጣት አለበት፤ የሚመረጡት ከተሞች ሁሉ በአንዱ ቪዛ ውስጥ ያሉ ይሁኑ። ውሳኔው ሊለወጥ የሚችል በመሆኑም ከማመልከት በፊት ከኤምባሲው ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ይያዙ። ቪዛው እጅ ሳይገባ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። ደንቡ ለማመልከቻ የሚፈልገው የተያዘ ቦታ ወይም የደርሶ መልስ ቲኬት ነው። ቦታ ማስያዝ ማለት ገዝቶ መጨረስ ማለት አይደለም። ማደሪያውንም ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል ውል ያስይዙ። ቪዛው ከተከለከለ ኤምባሲው ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ይግባኝም ይፈቀዳል። በዚህ መንገድ የተጓዘ ቤተሰብ ቢከለከል የሚያጣው የቪዛውንና የማስረጃውን ወጪ ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል የ11 ሌሊት ጉዞ እናውጣ፤ አምስት ሌሊት በሮማ፣ ሁለት ሌሊት በሚላኖ፣ አራት ሌሊት በፓሪስ። ብዙው ሌሊት ጣሊያን ውስጥ ስለሚውል ማመልከቻው የሚቀርበው ለጣሊያን ኤምባሲ ነው፤ ደንቡ ረጅሙን ጊዜ የሚቆዩበትን አገር ይከተላልና። አየር መንገዳችን ወደ ሮማም ወደ ፓሪስም ስለሚበር፣ በሮማ ገብቶ በፓሪስ መውጣት የመልስ መንገዱን ወጪ ይቀንሳል። ከከተማ ከተማ የሚያደርሱ የሌሊት አውቶቡሶችም አሉ፤ የአንድ ሌሊት የመኝታ ኪራይ ያተርፋሉ። ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓ ሁሉም ነገር የሚወደድበት ወቅት ነውና ሚያዝያና ግንቦት ይመረጣል።

ስለ ቀን ወጪ፣ ፈረንሳይ ሆቴል ለያዘ ጎብኚ በቀን 65 ዩሮ፣ ላልያዘ ደግሞ 120 ዩሮ እንዲያሳይ ትጠይቃለች። ማደሪያ ለያዘች ልጅ አራት የፓሪስ ቀናት 260 ዩሮ ማለት ነው። ውጥኑን በዩሮ ይጻፉት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በብር የተጻፈ ሒሳብ በወራት ውስጥ ይበላሻል። ከጎኑ አንድ ዓምድ ትተው በየወሩ የብሩን ዋጋ ያስተካክሉ። የውጭ ምንዛሪውን ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አቅርቦ ከባንክ መግዛት ይገባል። ጥቁር ገበያ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የሐሰት ኖት ያመጣል።

በሮማ የሚታየው ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። በፖርታ ካፔና አደባባይ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ተተክሏል። ልጅዎ ሐውልቱ ቆሞበት የነበረውን ስፍራ ትየው። ከዚያ በእግር ብዙም ሳይርቅ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው እዚያ ነው። የጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞች በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ይከፈታሉ። በፓሪስም በታኅሣሥ 2024 ዳግም የተከፈተው የኖትር ዳም ካቴድራል መግቢያ አያስከፍልም።

ስንቅን በተመለከተ እናቶች ቋንጣና ቅቤ ለመቋጠር አይጣደፉ። የሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ አገር ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት የተከለከለ ነው፤ በጉምሩክ ተይዞ ይጣላል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ይበቃሉ። ምግብ ማብሰያ ያለው የወጣቶች ማደሪያ ከተመረጠ አንድ ኪሎ ሽሮ የብዙ ቀን የምሳ ወጪ ያድናል።

ገንዘቡ የማይደርስ ከሆነስ? ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኤራስመስ ሙንዱስ የተባለው የአውሮፓ ኅብረት የነጻ ትምህርት ዕድል፣ ተማሪው የማስተርስ ትምህርቱን ቢያንስ በሁለት አገር እንዲከታተል ያደርጋል። ዕድሉን ላገኘ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል፤ የትምህርት ክፍያውም ይሸፈንለታል። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀርባል። ለትጉህ ተመራቂ ይህ ከ11 ሌሊት ሽርሽር የበለጠ ብዙ ከተማ የሚያሳይ ነው፤ ከእናቷም ዕቁብ አንድ ብር አይነካም። ከዚያ በፊት መንገደኝነት ለመለማመድ የምትፈልግ ደግሞ፣ ከኢትዮጵያውያን ቪዛ የማትጠይቀውን ኬንያን ማየት ትችላለች።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ ልጅዎ ጥያቄውን ባነሣች ማግስት አንድ ደብተር ይግዙላት። በመጀመሪያው ገጽ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ በሁለተኛው የምታያቸው ከተሞችና ምክንያታቸው፣ በሦስተኛው የምትመለስበት ቀንና የሚጠብቃት ሥራ በራሷ እጅ ይጻፍ። ሦስቱም ገጾች ከሞሉ ልጅዋ ለኤምባሲውም ለእርስዎም መልስ አላት፤ መርቀው ይሸኟት። ሦስተኛው ገጽ ባዶ ከሆነ ግን ዕቁብዎን አይንኩ፤ ቡናውን እንደገና አፍልተው ንግግሩን ከዚያ ገጽ ይጀምሩ።